የተሰነጠቀ ብረት ይዤ ከመተሐራ እስከ ጢቾ

መተሐራ ላይ ብርድ ወሬ ነው። ጋቢ የሚደርበው ወባ የያዘው ሰው ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ለሰፈራችን ሰዎች ነው፤ የአርሲን ደጋ ከሩቅ ደመና ሲለብስ እያዩ «እዚያ ዘነበ» ከማለት በቀር ረግጠውት ለማያውቁ። አያምራችሁ። እኔም ጭነት ባላገኝ ኖሮ አልወጣም ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ነው። የልጅ ልጅ ግን የለኝም፤ ለአነጋገር ያህል ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ጢቾ መንገድ ኮረኮንች ቢሆን ታገሱኝ። ካልታገሳችሁም የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ጭነቱ የእህል ወፍጮ ነበር፤ ከነሞተሩ፣ ከነድንጋዩ። የገዙት ከጢቾ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር ተደራጅተው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። እስከ ዛሬ እህላቸውን በአህያ ጭነው ከተማ ድረስ እየወሰዱ ነው የሚያስፈጩት። ሊቀመንበራቸው ወይዘሮ ጫልቱ፣ በእነሱ አጠራር አዴ ጫልቱ፣ በስልክ እንዲህ አለችኝ፦

«ሰኔ ገብቷል። ዝናቡ አንዴ ከያዘ ወንዛችንን መኪና አይሻገረውም፤ እስከ መስከረም በቃ። ትደርሳለህ ወይስ ሌላ ሰው እንፈልግ? አሁኑኑ ንገረኝ።»

ወንድ እንዲህ ቢያናግረኝ ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋው ነበር። «እደርሳለሁ» አልኳት።

ለራሴም ምዬ ነበር። ሚስቴ ከሄደች ቆይታለች። ረዳቴ አብሮኝ ብዙ ዓመት ዞሮ ባጃጅ ገዛና ተለየኝ፤ አልፈርድበትም እላለሁ፣ ግን ፈርጄበታለሁ። የቀረችኝ ይህች መኪና ናት። የአርሲን ዳገት ወፍጮ ተሸክማ ካልወጣች እሸጣታለሁ፣ ከዚያ በኋላ መንገድ አይቼ አላውቅም ብዬ ቤቴ እቀመጣለሁ ብያለሁ። ቤቴ ምን እንደምሠራ ግን አላሰብኩበትም ነበር።

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። የሸኘኝ የለም። የጎረቤት ውሻ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ። አዳማ ወፍጮውን ስንጭን ቀኑ አለቀ። ጫኞቹ «ረዳትህ የታል?» አሉኝ፤ የለኝም ስላቸው «እንግዲያው ገመዱን ራስህ እሰር» ብለው ቁጭ አሉ። አሰርኩ።

እዚያው ቆሜ ሳለ ደላላው ደወለ። አዳማ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚያሻሽጥ ሰው ነው። ስልኬ ከጮኸ እሱ ነው፤ ሌላ የሚደውልልኝ የለም።

«ወንድምዓለም፣ ልጅቷ እንዴት ናት?» መኪናዬን ነው ልጅቷ የሚላት፤ ወንድምዓለም ደግሞ ለሁሉም ሰው ነው።

«ደህና ናት።»

«አታፏጭም?»

«ለምን ታፏጫለች?»

«ያቺ ቱርቦ አንድ ቀን ጉድ ትሠራሃለች። ሳትሞት ስጠኝ።»

«ቀድመህ የምትሞተው አንተ ነህ» አልኩትና ዘጋሁት። የዕለቱ ጨዋታዬ ይኸው ነበር።

ደራ አደርኩ። ደራ እንደ እኛው ነው፤ ሙቀት፣ አቧራ፣ ግራር፣ ፍየል። የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ መጥታ «የጾም ነው የፍስክ?» አለችኝ። «ጥብስ» አልኳት። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየች። ቀጥላ «ብቻህን ነህ?» አለች።

«ምን አገባሽ?»

«ኧረ በሞቴ! ትልቅ ትሪ ላምጣ ወይስ ትንሽ ብዬ ነው።»

ትንሹን አመጣችልኝ።

ማክሰኞ

ከደራ ወጥቼ ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ አፏጨች። ደላላውን ረገምኩት፤ አፉ መርዝ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። ቱርቦ ማለት ሞተሩ የተፋውን ጭስ ኃይል ተጠቅሞ ተጨማሪ አየር የሚያስገባለት ነገር ነው። ጭሱ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ቱርቦው የሚያልፈው እንደ ሰው ክርን በታጠፈች ወፍራም ብረት ውስጥ ነው። ቱርቦው ራሱ የተንጠለጠለው በዚችው ክርን ላይ ነው። እሷ ስትሰነጠቅ ጭሱ በስንጥቁ ያመልጣል፣ መኪናው ያፏጫል፣ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አዲሷን ከመግዛት መኪናውን መሸጥ ይቀላል፤ ደላላውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

እየተንፏቀቅኩ ኢተያ ደረስኩ። ኢተያ የስንዴ አገር ነው። ከመንገዱ ዳር የጋሪ አክሰል፣ የማረሻ ጫፍና የበር ፍሬም የተደረደረበት የብየዳ ቤት አየሁና ገባሁ። በያጁ ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ነው። ክርኗን እጄ እየተቃጠለ ፈትቼ ሰጠሁት።

«ቶሎ በል፤ መንገድ ላይ ነኝ» አልኩት።

ቶሎ አለ። በየዳት፤ ቀይ እንደሆነች በመቆንጠጫ አነሳና በርሜል ውሃ ውስጥ ነከራት። ጭስስስ አለች። ከዚያ ከውሃው ውስጥ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ምንድነው እሱ?»

«ብረት ሲጠነክር ይናገራል። ማረሻ ውሃ ካልጠጣ መሬት ይገባል እንዴ? እኔ ለዚህ አገር ገበሬ ሁሉ እንዲህ ነው የምሠራው።»

እውነትም መሰለኝ። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ፍጥነቱን ነው። ምስጋና የሚገባው ሰው አገኘሁ ብዬ እየተደሰትኩ ሄድኩ። ሰውዬው አልዋሸኝም፤ ማረሻ ያውቃል። ማረሻ ያልሆነ ብረት ግን አጋጥሞት አያውቅም።

የአሰላን ዳገት ስጀምር ስንጥቁ ከበፊቱ ይልቅ ሰፍቶ ተከፈተ። በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ቀብር ሸኚ። ፈረስ ጋሪ አለፈኝ። ባለጋሪው ዞር ብሎ «ሾፌር! ገመድ ልጣልልህ?» አለኝ። ከኋላ የተጫኑት ሴቶች ሳቁ። ቀጥሎ ትራክ ሱሪ የለበሱ ወጣቶች እየሮጡ አለፉኝ፤ እነዚህ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም።

አሰላ ስገባ መሽቶ ነበር። የመንገዱን ሰሌዳ ለማንበብ ሞከርኩ። ፊደል ስቆጥር ላቤ ጠብ ብሏል፤ እዚህ ስደርስ ግን ሰሌዳው መጀመሪያ በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩ በአማርኛ ያለውን ዝናብ አጥቦታል። እንደገና መሃይም ሆንኩ። እንደ ድሮዬ በናፍጣ ጠረንና በመብራት ተመርቼ የጭነት መኪና ማቆሚያ አገኘሁ።

አልጋ ከመያዝ መኪናው ውስጥ ልደር አልኩ። መተሐራ ብሆን መስኮት ከፍቼ፣ ሸሚዝ አውልቄ ነበር የምተኛው። እዚህ ያለኝን ሁሉ ለበስኩ፣ የወፍጮውን ሸራ ጎትቼ ደረብኩ፣ ጥርሴ ግን ሲጋጭ አደረ። ረዳቴ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የእሱን ጥርስ እሰማ ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ሻይ ቤት ገብቼ ብረት የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ። ሁሉም አንድ ሰው ጠቆሙኝ፤ ከድር። አንዱ ግን አስጠነቀቀኝ፦ «ያውቃል፤ ግን ይሰድብሃል።»

ሰደበኝ። ከድር እኩያዬ ነው፤ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ፣ ራሱን የሚያደንቅ ሰው። ክርኗን ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ አየና በጥፍሩ መታት።

«ይህችን ውሃ ያጠጣት ማነው?»

«ኢተያ…»

«ውሃ የሚጠጣ ማረሻ ነው! ይህቺ ቀልጣ በቅርጽ የፈሰሰች ጊዛ ናት። ጊዛ እንደ ሸክላ ነው። ትኩስ ሸክላ ላይ ውሃ ስትደፋ ምን ይሆናል? አንተስ ቆመህ ታያለህ?»

«ድምፅ ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ዝም አልክ?»

«ቸኩዬ ነበር።»

«የቸኮለ ሰው እኔ ዘንድ አይምጣ። ቻው» ብሎ ብረቷን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ወደ ሥራውም ዞረ።

ቆምኩ። መሄጃ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይቶ ዞር ሳይል «ምን ጭነሃል?» አለኝ። ወፍጮ መሆኑን፣ ከጢቾ ወዲያ መሆኑን፣ ዝናብ ከቀደመኝ ወንዙ እንደሚዘጋ ነገርኩት። ወደ ጭላሎ ተራራ ቀና አለ፤ ደመናው ወገቡ ላይ ደርሷል።

«ለወፍጮው ብዬ ነው» አለኝ። «ለአንተ አይደለም።»

አሠራሩን ያየሁትን ልጻፍ፤ ለሚጠቅመው ይጥቀም። መጀመሪያ የኢተያውን ብየዳ በሙሉ ፍቆ ጣለ። ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ፈልጎ፣ እዚያ ላይ ቀጭን ቀዳዳ በሳ፤ ስንጥቅ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማልና ወደፊት አይሄድም። ፊቷ እንዳይጣመም ከወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ጋር በቡሎን አሰራት። ከመኪና በወጣ ፋን የሚነፋ የከሰል ምድጃ ውስጥ ጥቁር ቀይ እስክትሆን አጋላት። ከዚያ ለጊዛ የሚሆን የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ የሚሉትን፣ ከጨርቅ ውስጥ አውጥቶ ጥፍር የምታህል በየዳ፣ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ ነካ ነካ አደረጋት፣ መልሶ ከሰሉ ውስጥ ከተታት። እንደገና ጥፍር የምታህል። እንደገና ከሰል። ቀኑ ሁሉ በዚህ ሄደ። ቶሎ በል እንዳልል ምላሴን ነክሼ ያዝኩ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቀና ብሎ «አሁን አመድ» አለ።

«የምን አመድ?»

«ትኩስ አመድ። ብዙ። ይህቺ ብረት ቀስ ብላ፣ እስከ ነገ ጠዋት፣ ሳታስበው ነው የምትቀዘቅዘው። ከአመድ በቀር እንዲህ የሚያስተኛት የለም። የዚህ ምድጃ አመድ አይበቃትም፤ እኛ ቤት ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚበስለው። ሳፋው ይኸውልህ፤ ከየቤቱ ለምነህ አምጣ።»

«እኔ?»

«ብረቱ የማን ነው? እኔ ዘንድ ባለብረቱ ነው አመድ የሚለምነው። ኮሎኔል መጥቶ ለምኗል።»

ዕድሜዬን ሙሉ «እጄ አመድ አፋሽ ነው» እያልኩ ስማረር ኖሬያለሁ፤ እነሆ ሳፋ ተሰጠኝ። የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴት በበሩ ቀዳዳ አየችኝ።

«አመድ ካለ ብዬ ነው።»

«የምን አመድ? መተት ልታሠራብን ነው?»

«ኧረ እኔ… ከድር ነው የላከኝ።»

«አሃ! ለብረት ነው? እንደዚያ አትልም!» በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በየበሩ መጀመሪያ ከድር ማለት ለመድኩ። ከሰፈሩ ሰው እሱን የማያውቅ የለም። አንዱ ቤት በአካፋ፣ አንዱ ቤት በድስት ክዳን፣ ሁሉም ሰጡኝ። አንድ ሽማግሌ ምድጃውን አሳይቶኝ ወጣ፤ የማላውቀው ሰው ቤት ውስጥ ብቻዬን ትቶኝ። መተሐራ ይህን ብናደርግ ምድጃውንም ይዘው ይሄዳሉ።

መጨረሻ ላይ የደረስኩት እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። የከድር ጎረቤት የሆኑ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ አባት አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩ። ከከድር ጋር ቀኑን ሙሉ በአጥር ላይ ሲሰዳደቡ ሰምቻቸዋለሁ። ምድጃቸውን ለሌሊት አዳፍነውት ነበር፤ እሳቱን በአመድ ሸፍነው። አካፋውን ወስደው ሳያመነቱ ገለጡት።

«እሳትዎ ይጠፋል» አልኳቸው።

«ይጥፋ። ነገ ከጎረቤት እጭራለሁ። ጎረቤት የለኝም እንዴ?» ፍም ከነአመዱ ሳፋዬ ላይ ገለበጡ። «የአንተ ቢጠፋ ከማን ትጭራለህ?»

«የእኔ በጋዝ ነው።»

ትንሽ አዩኝ። «ስምህ ማነው?»

ከመተሐራ ከወጣሁ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሾፌር ነበርኩ። «ጌታነህ» አልኳቸው።

«ሩጥ ጌታነህ፤ ይቀዘቅዛል።»

ሮጥኩ። ከድር በርሜሉን በአመድ ሞልቶ ክርኗን መሃል አስቀመጣት፣ የእትዬ አስካለን ፍም ከላይ በተነበት፣ በቆርቆሮ ከደነው፣ ድንጋይ ጫነበት። ትንሽ ገለጥ አድርጌ ላያት እጄን ስሰድ በመዶሻው እጀታ መታኝ።

«ከነካሃት ለራስህ ቅበራት!»

መኪናዬ ውስጥ ልደር ስል የከድር ሚስት ዘይነባ ሰማች። «ትናንትም እዚያ አደርክ? ከድር! እንግዳ መኪና ውስጥ አሳድረህ ለሰው ምን ልንል ነው?» አለችና ክርክሩ አለቀ። እራት ሲቀርብ ገንፎ ነበር፤ መሃሉ ላይ ያለው ግን ቅቤ አይደለም፣ ዘይትና በርበሬ ነው። ለእነሱ ሌላ ሳህን ላይ ቅቤው ይታያል።

«የሰኔ ጾም ገብቶ የለ?» አለች ዘይነባ። «እትዬ አስካለን ጠይቄ ነው።»

አላወቅኩም ነበር። ደራ ጥብስ የበላሁ ክርስቲያን እኔ ነኝ፤ ጾሜን የጠበቀችልኝ ሙስሊሟ ዘይነባ ናት። በላሁ። ከድር አፉ ሞልቶ «የደጋ ገብስ ነው፤ እናንተ ጋ ሸንኮራ ነው የምትበሉት አሉ» አለኝ። ሳቅኩ መሰለኝ። መደቡ ላይ አነጠፉልኝ። ከግድግዳው ወዲያ ባልና ሚስት ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ሲያወሩ ይሰማኛል፤ የሚሉት አይገባኝም። ሞቆኝ ነበር። ግን እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም።

ሐሙስ

ከድር በእጁ አመዱን ጫረና ክርኗን አወጣት። ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ለብ ብላለች። በምስማር መታት። ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠች፤ እንደ ደወል። ትናንት በጥፍሩ ሲመታት እንደ ተሰበረ ገል ነበር የጮኸችው።

«አሁን ተናገረች» አለኝ።

ልንገጥማት መኪናዋ ሥር ስንገባ ግን እንደገና ቆጣ አለ። የማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ማንጠልጠያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ እኔ በሽቦ ነበር ያሰርኩት።

«ይህን ሽቦ ማነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«ከማን ጋር ላስረው?»

«ያስታውቃል። ማርሚታው ሙሉ ክብደቱን ቱርቦው ላይ ጥሏል፣ ቱርቦው ክርኗ ላይ። አንድ ነገር ሁሉን ይሸከማል፣ ሌላው ተንጠልጥሏል። ስንጥቁ ከዚህ ነው የመጣ እንጂ ከብረቱ አይደለም። ይህ ካልተስተካከለ እኔ ቀርቶ መላእክት ቢበይዱት ጢቾ አይደርስም።»

ከጠፍጣፋ ብረት ማንጠልጠያ ቆረጠ። ብረቱን ከብረት ጋር በቀጥታ አላሰረውም፤ መሃሉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ቁራጭ አስገባ። ሲንቀጠቀጥ የሚሰጥ ነገር ያስፈልገዋል አለኝ። ጓርኒሲዮኑን፣ መጋጠሚያው ጭስ እንዳያሾልክ መሃሉ የሚገባውን፣ ከነበረው ቆርቆሮ አስተካክሎ ቆረጠ። ሞተሩን ሳስነሳ ጆሮዬን አቆምኩ። ፉጨት የለም። ዋጋው ከአዲስ ዕቃ ጋር አብሮ የሚጠራ አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ ተከራክሬው ግን ከፈልኩ፤ ካልተከራከርኩት ይንቀኛል ብዬ።

መንገዱ ዳር እትዬ አስካለ ቆመዋል። ክዳኗ ጥብቅ ያለች የቆርቆሮ ጣሳ ሰጡኝ።

«ጩኮ ነው። ለመንገድ።»

ጩኮ የአርሲ የመንገድ ስንቅ ነው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ። ከድር ጣሳውን ከፍቶ አሸተተ።

«በዘይት! እትዬ፣ ጩኮ በዘይት? አርሲን አዋረዱት!»

«ዝም በል አንተ! ጾም ነው። ቅቤ ያማረው እዚያው ቤቱ ይሂድ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጣሳዋን መልስልኝ። ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ አሁን አይገኝም።»

«መንገዴ ባይሆንስ?»

«ሌላ መንገድ አለ እንዴ?»

የለም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ።

ከአሰላ ወጥቼ ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ጢቾ። ቁልቁልና ሽቅብ፣ የገብስ ማሳ፣ ፈረስ የጋለበ ሰው፣ ጭጋግ። ዳገቱ ሁሉ ላይ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር። ጎኔ፣ የረዳቴ ወንበር ላይ፣ ጣሳዋ ተቀምጣለች። በየጉድጓዱ ስትንሸራተት በእጄ እይዛታለሁ። ጢቾ ደርሼ ስተኛ ጩኮው ግማሽ ሆኗል። በዘይትም ይበላል።

አርብ

ጢቾን አልፌ ወንዙ ጋ ስደርስ ውሃው ገና ጉልበት አይሞላም፤ ግን ደፍርሷል፣ ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ማዶ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ወንዙ መሃል ላይ የኋላ ጎማዬ ተቀረቀረ። ልወርድ ስል አዴ ጫልቱ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ የመኪና ጥሩምባ።

«አትውረድ! እዚያው ሆነህ ንዳ! ከጎማው ሥር ድንጋይ እኛ እናስገባለን!»

አስገቡ። ጋዝ ሰጠሁ። ክርኗ አሁን ካልተሰነጠቀች መቼም አትሰነጠቅም ብዬ እግሬን ጫንኩ። መኪናዋ አገሳች፤ አላፏጨችም። ወጣን።

ወፍጮውን በባሕር ዛፍ አጣና አንከባለው አወረዱት። ዞሬ ልሄድ ቸኮልኩ፤ ደመናው ወርዷል።

«ሳናስፈጭ አትሄድም» አለች አዴ ጫልቱ።

«ወንዙ ይሞላብኛል።»

«ከሞላ ታድራለህ። ካልሠራ ለማን እንመልሰዋለን?»

ጠበቅኩ። ሞተሩን የሚያውቅ ከመንደሩ ወንዶች አንድ አልነበረም፤ ያስነሳሁት እኔው ነኝ። ድንጋዩ መዞር ጀመረ። ገብሱ ዱቄት ሆኖ ሲወርድ ሴቶቹ እየተጋፉ እጃቸውን አስገቡ፣ አሹት፣ ቀመሱት። አንዷ አሮጊት አለቀሰች። አዴ ጫልቱ «የመጀመሪያው ዱቄት ለመንገደኛ ነው» አለችኝ። ይህ የቆየ ወግ ይሁን ያኔ የፈጠሩት አላውቅም። መያዣ ስትጠይቀኝ የቀረኝን ጩኮ እዚያው ለልጆቹ አድዬ ጣሳዋን ሰጠኋት። ሞልታ፣ ጠቅጥቃ፣ ክዳኑን ዘጋችው።

ወንዙን ስሻገር ውሃው የበሩ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ማዶ የቀረ ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ወፍጮው ተመልሰዋል። ትክክል ናቸው። የመጡት ለእሱ ነው።

ቅዳሜ

አሰላ ስደርስ ከሰዓት ነበር። የእትዬ አስካለ በር ተቆልፏል። ከድር ከሥራው ቀና አለ።

«ብረቷስ?»

«አላፏጨችም።»

«ነግሬሃለሁ!» ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ለራሱ። «እትዬ ለቅሶ ሄደዋል፤ ሲመሻሽ ነው የሚመለሱ። ጣሳዋን ለእኔ ስጠኝና ሂድ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ አንተ ደግሞ መጠበቅ አትችልበትም።»

ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ መልሼ ሰበሰብኩት።

«በእጄ ነው የተቀበልኳት፤ በእጄ እመልሳታለሁ» አልኩት።

ትከሻውን ነቅንቆ ገባ። የእትዬ አስካለ በር ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጣሳዋ ጉልበቴ ላይ። ሰው አለፈ። አንዳንዱ «የአመዱ ሰውዬ!» ብሎ ሰላም አለኝ። ብርዱ ከታች ከድንጋዩ ይገባል። መተሐራ ብሆን በዚህ ሰዓት ጥላ ፍለጋ ነበር የምሸሸው። ብዙ ቆየሁ። እትዬ አልመጡም።

ስልኬ ጮኸ። ደላላው ነው።

«ወንድምዓለም! ልጅቷ ወጣች ዳገቱን?»

«ወጣች።»

«እያፏጨች?»

«አላፏጨችም። አልሸጣትም፤ ተወኝ።»

«እሺ እሺ። አሁን የት ነህ? አዳማ ከደረስክ ሻይ እንጠጣ።»

«አሰላ ነኝ። ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

 «አንተ? ማንን?»

ከጭላሎ በኩል የመጀመሪያው ጠብታ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ጠብ አለ፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ስልኩን ዘጋሁ። ዱቄቱ እንዳይረጥብ ጣሳዋን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ቁልፉን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ፤ እዚያው ተቀመጥኩ።